ሻይ ከመትከላችሁ በፊት፦ ቅጠል ዋጋ አይጠብቅም

የቡናና የእህል ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል። አሁን ግን ከዋጋ ሰሌዳው ወጣ ብዬ ስለ ሻይ ልጻፍ። ምክንያቱም ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ሻይ ሆነዋል። "ሻይ ያዋጣል ወይ?" "ያረጀውን ቡና ነቅለን ሻይ ብንተክልስ?" "ዩኒየናችን ለችግኝ በጀት ሊይዝ ነው፣ ሐሳብ ስጠን።"

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ የአንድ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ደወሉልኝ። በቡና ለዓመታት አብረን ስለሠራን አከብራቸዋለሁ። "ወንድሜ፣ የሻይ ችግኝ የሚያቀርብልን አግኝተናል፣ ዋጋውም ደህና ነው፣ ቦርዱ በዚህ ወር ይወስናል" አሉኝ። እኔም ሁለት ነገር ጠየቅኳቸው። "ዝርያው የትኛው ነው? ማሳው ከፋብሪካ ስንት ሰዓት ይርቃል?" ትንሽ ዝም አሉና "እሱን ኋላ እናስብበታለን፣ መጀመሪያ ተክሉ ይድረስ" አሉኝ።

ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማሳጣት አይደለም። አብዛኞቻችን እንደዚያ ነው የምናስበው፤ በቡና ስላደግን። ቡና መጀመሪያ ይተከላል፣ ገዢው ኋላ ይመጣል። አቋሜን ቀድሜ ልናገር፦ ሻይ መተከሉን አልቃወምም፣ አገራችን ውስጥ የሚስማማው ቦታ አለ። ነገር ግን ሻይን በቡና ሒሳብ የሚተክል ሰው የአባላቱን ቁጠባ መሬት ውስጥ ይቀብራል። ለምን እንደሆነ የሚነግረን ራሱ ተክሉ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከተክሉ እንጀምር።

1. ቁጥቋጦ የሚመስለው ዛፍ

በውሹውሹ ወይም በጉማሮ ያለፈ ሰው የሻይ ማሳ አይቷል። ቁመቱ እስከ ወገብ፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ያ ቁመት ግን የተፈጥሮው አይደለም፣ የመግረዣ ሥራ ነው። ትልቅ ቅጠል ያለው የአሳም ሻይ ካልተገረዘ ከ10 ሜትር በላይ የሚያድግ ዛፍ ነው። በየጥቂት ዓመቱ እየገረዝነው፣ በየሳምንቱ ጫፉን እየቀጠፍነው ነው ቁጥቋጦ ሆኖ የሚኖረው። ጫፉ በተቀጠፈ ቁጥር ለመተካት አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። የምንሸጠው ያንን ቀንበጥ ነው፦ ገና ያልተከፈተችው የጫፍ ቅጠልና ከሥሯ ያሉት ሁለት ለጋ ቅጠሎች። ከዚያ በታች ያለው ቅጠል ጠንካራ ነው፣ ዋጋ ያወርዳል።

ቡና ላይ የምንለፋው ለፍሬ ነው። አበባ ካልያዘ ዓመቱ ባዶ ነው። ሻይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አበባ ሲያበዛ ጉልበቱ ከቅጠል ላይ ይቀነሳል፣ ብዙ ጊዜም ተክሉ መጨነቁን ያሳያል። ማሳችሁ ነጭ አበባ ለብሶ ካያችሁ ደስ አይበላችሁ።

አንድ ሄክታር ከ10 ሺህ በላይ የሻይ ችግኝ ይፈልጋል። ቡና በሄክታር ሁለት ሦስት ሺህ ነው። የመጀመሪያው ቀጠፋ ከተከላ በኋላ ወደ 3 ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ሙሉ ምርት ደግሞ ከዚያም በላይ። አንዴ ከያዘ ግን ከ50 ዓመት በላይ ይቀጠፋል። ስለዚህ ቦርዱ በዚህ ወር የሚወስነው ውሳኔ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው፤ ለክፉም ለደጉም።

2. "የትኛው ዝርያ?" ቀላል ጥያቄ አይደለም

በንግዱ ዓለም ሁለት ዋና ዋና የሻይ ዓይነቶች አሉ። አንደኛው የቻይናው ነው፦ ቅጠሉ ትንሽ፣ ጠበብ ያለና ጠንካራ፣ ብርድ የሚችል። ሁለተኛው የአሳሙ ነው፦ ቅጠሉ ትልቅ፣ አንዳንዱ 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ለስለስ ያለ፣ ሙቀትና እርጥበት የሚወድ። በአሳም፣ በበርማና በቻይናዋ ዩናን ደኖች ውስጥ የኖረው ይህ ነው። በኬንያና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ያለው ሻይም በብዛት ከዚህ ወገን ነው። ወተት የሚሸከመው፣ ቀለሙ የሚደምቀው፣ ደረቅ ብለን የምንጠራው ጥቁር ሻይ ከሱ ይወጣል።

እንግሊዞች ይህን ትምህርት በገንዘባቸው ነው የተማሩት። በፈረንጆቹ 1823 ሮበርት ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነጋዴ በአሳም የሲንግፎ ሕዝብ አለቃ ከነበረው ከቢሳ ጋም ዘንድ ተክሉን አየ። ሲንግፎዎች ቅጠሉን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፣ ይጠጡታልም። ካልካታ የነበሩት ሊቃውንት ግን ለዓመታት "ይሄ እውነተኛ ሻይ አይደለም" እያሉ ቆዩ። በ1834 መንግሥት የሻይ ኮሚቴ አቋቋመ፣ ኮሚቴውም ዘርና ባለሙያ እንዲያመጣ ሰው ወደ ቻይና ላከ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሳሙ ተክል ሻይ መሆኑ ታመነ። ይሁንና የቻይናው ዘር መጥቶ ተተከለ፣ ከአገሬው ጋርም ተዳቀለ። በአሳም ሙቀትና ዝናብ የበለጠው ግን ጫካ ውስጥ የነበረው ባለ ትልቅ ቅጠሉ ነው። በጥር 1839 ለንደን ላይ በጨረታ የተሸጠው የመጀመሪያው የአሳም ሻይ ከአገሬው ተክል የተሠራ ነበር። የቻይናው ዝርያ ደግሞ ቀዝቃዛው ዳርጂሊንግ ተራራ ላይ ቦታውን አገኘ፣ ዛሬም እዚያ አለ።

ከዚህ የምንወስደው ግልጽ ነው። ዝርያ የሚመረጠው በቦታው ነው። ችግኝ የሚያቀርብላችሁ ሰው "ሻይ ነው" ካላችሁ "የትኛው ሻይ?" በሉት።

ሁለተኛው ጥያቄ "ከዘር ነው ወይስ ከቁራጭ?" ነው። አረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከጥሩ እናት የተለቀመ ዘር እናቱን ይመስላል። ሻይ እንደዚያ አይደለም፣ ከሌላ ተክል ጋር ካልተዳቀለ በደንብ አያፈራም። ከአንድ ዛፍ የተለቀሙ ዘሮች እንደ አንድ አባት ልጆች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ ጥሩ ጣዕም፣ አንዱ ሣር ሣር የሚል። ለዚህ ነው ዘመናዊ ተከላ አንድ ቅጠል ከአንጓው ጋር ከተመረጠ እናት ላይ ተቆርጦ በሚፈላ ችግኝ የሚካሄደው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ወር ይቆያል። ጥቅሙ ማሳው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከቁራጭ የወጣ ችግኝ ከዘር እንደበቀለው ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር የለውም፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድርቅ ቶሎ ይጎዳዋል። በጋው ረዘም በሚልበት አካባቢ ይህን ሳያውቁ መትከል አደጋ ነው።

ስለዚህ ስለ ዝርያ የአቅራቢን ቃል ብቻ አትመኑ። ጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል በሻይ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ከነሱ ጋር አንድ ቀን መነጋገር ከአንድ የጭነት መኪና የተሳሳተ ችግኝ ይሻላል።

3. ስንዴ የሚጠላውን አፈር ይወዳል

ይህን ክፍል በተለይ እህል የምትነግዱ በደንብ ይገባችኋል። በደጋው አሲዳማ አፈር ስንዴና ገብሱን ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ። ኖራ ለማግኘት ስንት ሰልፍ ነው! አሲዳማ አፈር ውስጥ የሚሟሟው አሉሚኒየም የስንዴውን ሥር ያቃጥላል፣ የምንከስረውም በዚያ ነው። ሻይ ግን ያንን አሉሚኒየም ይመጥና ያረጀ ቅጠሉ ላይ ያጠራቅመዋል። አሲዳማ አፈር ቤቱ ነው። የሚስማማው ከ4.5 እስከ 5.5 ፒኤች ነው። ከ6 እየዘለለ ከሄደ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ዕድገቱ ይቆማል።

ይህ ሁለት ነገር ማለት ነው። አንደኛ፣ ለእህል ብሎ ኖራ የተበተነበት ማሳ ለሻይ አይሆንም። በአንድ ቀበሌ አንዱ ባለሙያ ኖራ እያከፋፈለ ሌላው ባለሙያ የሻይ ችግኝ የሚያከፋፍል ከሆነ መጀመሪያ እነሱ ይነጋገሩ። ሁለተኛ፣ የድሮ ቤት የነበረበትና አመድ ሲደፋበት የኖረ ቦታም አይሆንም፣ አመድ አሲዱን ይገድለዋል። ኬንያ ውስጥ በሻይ ማሳ መሃል እንደ ራሰ በራ የሚታይ ባዶ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ የድሮ ጎጆ የነበረበት ነው።

ሻይ ጥልቅ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ቀይ አፈር ይፈልጋል፣ ቢያንስ ሜትር ተኩል ያለ ድንጋይ የሚወርድ። ውሃ የሚያቁር መረሬ ላይ አትሞክሩት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጫካ ለማንሳት ለሚያስቡ። ትልልቅ ዛፎች ተቆርጠው ጉቶና ሥራቸው መሬት ውስጥ ሲቀር የሥር አበስባሽ ፈንገስ ይራባበታል፣ ከዚያ ወደ ሻዩ ይዛመታል። በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ በሽታ ነው። መድኃኒት ተረጭቶ የሚድን አይደለም፤ የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠላል። ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ከተከላው ብዙ ቀድሞ የዛፉን ልጣጭ ዙሪያውን ልጦ ማድረቅ፣ ከዚያ ጉቶውን ከነሥሩ ማውጣት አለበት። ደግሞስ ጥላ ያለበትን የጫካ ቡና መሬት ለሻይ መመንጠር ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? የጫካ ቡና ዛሬ የራሱ ገዢ አለው።

4. ቡና በጋ ይፈልጋል፣ ሻይ በጋ ይጠላል

"ቡና የሚበቅልበት ሁሉ ሻይ ይበቅላል" የሚለው አባባል እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው። ቡና እንዲያብብ ደረቅ ወር ይፈልጋል። ደርቆ ደርቆ ዝናብ ሲነካው ነው አበባው ፍንድት የሚለው። ሻይ ግን አበባ አንፈልግበትም። ቅጠል እንዲያወጣ ውሃ አለማቋረጥ ነው የሚፈልገው። በዓመት ቢያንስ 1,200 ሚሊ ሜትር፣ ጥሩ የሚባለው ከ1,500 በላይ። ዋናው ግን ድምሩ ሳይሆን ስርጭቱ ነው። በአራት ወር የወረደ 1,800 ሚሊ ሜትር፣ በአሥር ወር የተከፋፈለ 1,500ን አይተካም።

ሦስት አገር እናነጻጽር። አሳም ከምድር ወገብ ርቆ በሰሜን ስላለ በክረምታቸው፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አካባቢ፣ ቀኑ ያጥራል፣ ይበርዳል፣ ሻዩ ይተኛል። የቀን ብርሃን ከ11 ሰዓት ተሩብ ገደማ በታች ሆኖ ለሳምንታት ሲቆይ ተክሉ ቀንበጥ ማውጣት ያቆማል። ኬንያ፣ ኬሪቾ አካባቢ፣ ምድር ወገብ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ቀንና ሌሊቱ እኩል፣ ዝናቡም ዓመቱን የተከፋፈለ ስለሆነ ከዓመት እስከ ዓመት ይቀጠፋል። የኛ ካፋና ኢሉባቦር በመሃል ናቸው። ቀናችን በጣም አጭር በሚሆንበት ወር እንኳን ሻዩን የሚያስተኛ አይደለም። እኛን የሚያስቆመን የብርሃን ማጠር ሳይሆን የበጋው ድርቀት ነው።

ስለዚህ ለቦርዱ የሚቀርበው ጥያቄ "ዝናብ አለ ወይ?" መሆን የለበትም። "ከኅዳር እስከ የካቲት ስንት ሳምንት ደረቅ ነው? ያኔ የፋብሪካው ሠራተኛና ማሽን ምን ይሠራል?" ነው። የበጋው ወር ሲረዝም ሁለት ጊዜ ትከስራላችሁ። ቅጠሉ ይቀንሳል፣ ፋብሪካው ደግሞ ለክረምቱ ጎርፍ በሚበቃ መጠን የተገነባ ስለሆነ በበጋ ባዶውን ይቆማል። የባንክ ወለድ ግን ዝናብ አይጠብቅም።

5. ጫት ነጋዴ ይገባዋል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ። ቡና ስትለቅሙ አማራጭ አላችሁ። እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ ትሸጣላችሁ፣ ዋጋ ካልጣማችሁ አልጋ ላይ ታደርቁታላችሁ። ጀንፈሉ በጎተራ ይቀመጣል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሠርግ ሲደርስ ትሸጡታላችሁ። የቡና ገበሬ ትልቁ ኃይሉ መጠበቅ መቻሉ ነው። እኛም ነጋዴዎቹ የምንኖረው በዚያ መጠበቅ ላይ ነው።

የሻይ ቅጠል ይህን አያውቅም። ከተቀጠፈባት ደቂቃ ጀምሮ ይጠወልጋል። ጆንያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ከተጫነ ይግላል፣ ይቀላል፣ ይበላሻል። ፋብሪካ ውስጥ ተዘርግቶ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይጠወልጋል፣ ይፈጫል፣ አየር ይመታዋል፣ ከዚያ በሙቀት ይደርቃል። ይህ ሁሉ የሚሰምረው ቅጠሉ ሳይቀጠቀጥ፣ በተቀጠፈ በሰዓታት ውስጥ ሲደርስ ነው። እና ደግሞ ክብደቱ አብዛኛው ውሃ ነው። ወደ 4.5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ነው 1 ኪሎ ደረቅ ሻይ የሚሆነው። ከ4.5 ኪሎው 3.5 ኪሎ ውሃ በኪራይ መኪና እየጫናችሁ ነው ማለት ነው።

ጫት የምትነግዱ "ይሄማ የኛ ሥራ ነው" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቅጠል ይዞ መሮጥን ከአወዳይ የአይሱዙ ሹፌር በላይ የሚያውቅ የለም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ጫት በየከተማው ገዢ አለው፣ አንዱ ቢያንቀባርርህ ወደ ሌላው ትሄዳለህ። እርጥብ የሻይ ቅጠል ገዢው አንድ ፋብሪካ ነው። ከሱ ሌላ በሰዓታት ርቀት ማንም አይገዛም። በየ7 እስከ 14 ቀኑ መቅጠፍ አለባችሁ፣ ካልቀጠፋችሁ ቀንበጡ ይጠነክራል። በቀጠፋችሁ ቀን መሸጥ አለባችሁ። ዋጋ ቢወድቅም ትቀጥፋላችሁ፣ ትሸጣላችሁ። ይህ ስንፍና ወይም የድርድር ችሎታ ማነስ አይደለም፣ የተክሉ ተፈጥሮ ነው።

ሌላም አለ። ቅጠሉ በብዛት የሚመጣው በዝናብ ወራት ነው። መንገዱ የሚበላሸውም በዝናብ ወራት ነው። በጥር ሁለት ሰዓት የሚፈጀው የገጠር መንገድ በሐምሌ ስንት ይፈጃል? ፋብሪካው ጭቃው ላይ ቆሞ የቀረውን ቅጠል አይከፍልበትም።

በዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የነገሩኝን አልረሳውም። ቡናቸውን ልገዛ ሄጄ ስለ ሻይ ተነሳ። "አባቴ፣ ይተክላሉ ወይ?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ቡናዬን ስቆጣ አልሸጥም። ይህን ቅጠል ግን ተቆጥቼም መሸጥ ካለብኝ የማን ገበሬ ነኝ?" አሉኝ። ከዚህ በላይ የገለጸልኝ ሰው የለም።

6. ታዲያ ኬንያዎች እንዴት አደረጉት?

ኬንያ ውስጥ አብዛኛውን ሻይ የሚያመርቱት ትናንሽ ገበሬዎች ናቸው። ይህ የሆነው ግን ችግኝ ስለታደለ ብቻ አይደለም። ከነጻነት በኋላ በ1964 የሻይ ልማት ባለሥልጣን ሲቋቋም ችግኙ፣ የቅጠል መሰብሰቢያ ጣቢያው፣ መኪናው፣ መንገዱና ፋብሪካው አንድ ላይ ነው የታሰቡት። ገበሬው በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት መሰብሰቢያ አለ፣ እዚያ ይመዘናል፣ መኪና መጥቶ ይወስዳል። ፋብሪካዎቹ ቀስ በቀስ የገበሬዎቹ ሆነዋል፤ በአክሲዮን ባለቤት ናቸው። ክፍያውም በሁለት ይከፈላል፦ በየወሩ በኪሎ ቅድሚያ ክፍያ፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ እንደ ሽያጩ ትርፍ ቀሪው። የየወሩ ገንዘብ ለዘይትና ለስኳር፣ የዓመቱ ለቤት ቆርቆሮ ነው። ሻይ ከቡና የሚበልጥበት ነገር ካለ ይህ ነው፤ ገንዘብ በዓመት አንዴ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ይገባል። አልክድም።

ኬንያም ችግር የለባትም ማለት አይደለም። ሻዩ በሞምባሳ በየሳምንቱ በዶላር ይጨረታል። በ2021 መንግሥት ገበሬውን ለመጠበቅ ብሎ በኪሎ 2.43 ዶላር ዝቅተኛ ዋጋ አስቀመጠ። ዓላማው ጥሩ ነበር። ገዢዎቹ ግን በዚያ ዋጋ ሁሉንም አልገዙም፣ ያልተሸጠ ሻይ መጋዘን ውስጥ ተከመረ፣ እያረጀም ሄደ። በመጨረሻ በ2024 ዋጋው ተነሳ። የደረቀ ሻይ እንኳን እንደ ቡና "ይቆይ፣ ዋጋ ይወጣል" ብሎ መያዝ እንደሚከብድ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ፋብሪካው አዲስ ቅጠል በየቀኑ ይቀበላል፣ መጋዘኑ ግን አይሰፋም።

በአሳም ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ብዙ ትናንሽ አምራቾች የራሳቸው ፋብሪካ የላቸውም፣ ቅጠላቸውን ለሚገዛ ፋብሪካ ይሸጣሉ፣ በመሃል ደላላ ይገባል። ዋጋ የሚቆርጠው ፋብሪካው ነው፣ የአምራቾቹ ቅሬታም ከዚያ ነው የሚነሳው። እኔ ራሴ ደላላ ነኝ፣ ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ ፋብሪካ የሌለው ዩኒየን ሻይ ቢተክል ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ሥራ ይከፈታል። ለገበሬው ግን አይመከርም።

7. ሁለት የሚረሱ ወጪዎች

እጅ፦ ሻይ ዓመቱን ሙሉ ቀጣፊ ይፈልጋል። አንድ ቀጣፊ እንደ ማሳውና እንደ ወቅቱ በቀን ከ20 እስከ 40 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ይቀጥፋል። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲቀላ ያው ሰው ለቡናም ይፈለጋል። በአንድ ቤት ሁለቱም ካሉ መጀመሪያ የቱ ይቀጠፋል? ዘንድሮ የቡና ለቀማ ዋጋ ስንት እንደደረሰ ለናንተ አልነግራችሁም።

እንጨትና ማዳበሪያ፦ ፋብሪካው ቅጠሉን የሚያደርቀው በአብዛኛው በእንጨት ነው። ባሕር ዛፍ ያልተከለ የሻይ ፕሮጀክት ጫካ ይበላል፣ ከዚያ ደግሞ ዝናቡን። ማዳበሪያው ደግሞ ቅጠል የሚያወጣ ናይትሮጅን ነው፤ ኬንያዎች 25 ለ5 ለ5 የሚባለውን ይጠቀማሉ። ቅጠል በወሰዳችሁ ቁጥር ከአፈሩ እየወሰዳችሁ ነው፣ ካልመለሳችሁ በጥቂት ዓመት ማሳው ይደክማል።

ምን ይደረግ?

ለሥራ አስኪያጁ የላክሁላቸው ዝርዝር ይህ ነው። ለቦርድ የምታቀርቡ ሁሉ መውሰድ ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ ከየማሳው አፈር ይመርመር። ከ4.5 እስከ 5.5 ፒኤች ያልሆነ፣ ኖራ የገባበት ወይም ውሃ የሚያቁር ከዝርዝሩ ይውጣ።

ሁለተኛ፣ የአካባቢው የ10 ዓመት ዝናብ በወር በወር ይታይ። ደረቁ ወቅት ስንት ሳምንት ነው?

ሦስተኛ፣ መንገዱ በሐምሌ ይለካ። በጥር የተለካ ርቀት አይቆጠርም። ቅጠሉ በተቀጠፈበት ቀን ፋብሪካ የማይገባበት ማሳ ሻይ አይተከልበትም፣ በቃ።

አራተኛ፣ ከፋብሪካ ጋር ውል ከችግኝ በፊት ይፈረም። ውሉ ላይ የኪሎ ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ መኪናው የማን እንደሆነ፣ ቅጠል ቢመለስ ማን እንደሚከስር ይጻፍ። ፋብሪካው የራሳችሁ ከሆነ ደግሞ አባላቱ ስንት አክሲዮን እንደሚይዙ።

ፋብሪካ እንሥራ ለምትሉ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እንበል 100 ሄክታር ተከላችሁ፣ በሄክታር በዓመት 10 ቶን እርጥብ ቅጠል አገኛችሁ። ጠቅላላው 1,000 ቶን እርጥብ፣ ወደ 220 ቶን ደረቅ ነው። ለ250 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 4 ቶን እርጥብ ቅጠል ነው። ግን እኩል አይመጣም። በዝናቡ ወር እጥፍ ይመጣል፣ በበጋ ትንሽ። ፋብሪካችሁ የቱን ይቀበላል? ይህን ቁጥር ለምትጠይቁት ባንክ ሳይሆን መጀመሪያ ለራሳችሁ መልሱት።

አምስተኛ፣ ያለውን ቡና አትንቀሉ። አርጅቶ ከሆነ ጎንድሉት፣ ያድሳል። ሻይ ለማስገባት ከፈለጋችሁ ለቡና በማይሆነው፣ ለእህልም አሲዱ ባሸነፈው መሬት ይጀመር፣ በትንሹ።

ከህንድ የመጣው ዘር ጎሬ አካባቢ የተተከለው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። ይህን ያህል ዘመን ሻይ አገራችን ውስጥ ኖሯል። ጉማሮና ውሹውሹ የቆሙት ግን ማሳውና ፋብሪካው ጎን ለጎን ስላሉ ነው። ቅጠሉ በጠዋት ተቀጥፎ በዚያው ቀን ማጠውለጊያው ላይ ይዘረጋል። የሚያዋጣው እሱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ትናንት መልሰው ደውለውልኝ ነበር። ቦርዱ ውሳኔውን ወደ ሐምሌ አስተላልፏል። "መንገዱን በዝናብ ነድተን እናየዋለን" አሉኝ። ችግኝ አቅራቢው ተቆጥቷል አሉ። ይቆጣ። የእሱ ችግኝ ይጠብቃል፣ የገበሬው ቅጠል ግን አይጠብቅም።

በሻይ የሠራችሁ፣ በተለይ ከካፋ፣ ከሸካና ከኢሉባቦር ያላችሁ፣ ሐሳባችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ፣ ቻናሉ ላይ አወጣዋለሁ። የቡናው ዋጋ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይለጠፋል።

መልካም ገበያ።